ጣውላውን የገለበጠ እጅ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ውጡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለምና ሩቅ አይደርስም። የማወራችሁ ነገር ሰው የሞተበት ነው። አትፍሩ፣ አብረን ነን። ያልገባችሁ ነገር ካለ እጄን ነካ አድርጉኝ፣ መለስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሟቹ የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ነበር። ከቀትር በኋላ ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር፣ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማድረቂያ ክፍል የምላችሁ መስኮት የሌለው፣ የእንፋሎት ቧንቧ በግድግዳው ዙሪያ የሚሄድበት ጠባብ ክፍል ነው። አንሶላ በእርጥቡ ስለሚተኮስ እዚያ አይገባም፤ ክፍሉ ለብርድ ልብስና ለወፍራም ነገር ነው። ሰው ሰቅሎ እየሮጠ ይወጣል እንጂ አይቆይበትም። በሩ ወፍራም ነው፤ መቀርቀሪያውም በውጭ በኩል ነው። በዚያ ቀን ብርድ ልብስ አልመጣም፤ ስለዚህ ማንም ወደዚያ የሚሄድበት ጉዳይ አልነበረውም። የሰውየው መዳፎች አብጠው ቀልተዋል። በሩን ሲደበድብ ነበር። ሲገኝ ግን መቀርቀሪያው ተከፍቷል።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ገባች። ዕድሜዋ ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ ዓይኗ ግን መርፌ የሆነ ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከፊቷ «አለቃ»፣ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል።

ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት። «ነገሩ አልቋል አለቃ፣ በከንቱ ደከምሽ። ሐኪሙ ሙቀቱ ነው የገደለው ብሏል፤ ልቡም ደካማ ነበረች። የቆለፈችበት ሴት መኪና ውስጥ ናት።»

«ማን ናት?»

«ልብስ ተኳሿ። ጠዋት በደመወዝ ተጨቃጭቀዋል። ሁሉም ሥራ ጨርሶ ሲወጣ እሷ ብቻዋን ቀረች። ሬሳውን አገኘሁ ብላ የጮኸችውም እሷው ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለዋናው ጣቢያ አስረክባታለሁ።»

«ለምን ቀረች?»

«እ?»

«ሁሉም ሲወጣ ለምን ቀረች?»

«ልትገድለው ነዋ።»

«ከገደለችው በኋላ ለምን ጮኸች? ዝም ብላ አትሄድም ነበር?»

ሳጅኑ በአገጩ ወደ መኪናው አመለከተ። «እሷኑ ጠይቂያት» አለ።

አሁን የቤቱን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ሥራ የሚባል ነገር፣ ልጆቼ፣ ገና በጠዋት ምንም ሳትሠሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠብቃችኋል። የቤት ኪራይ አለ፤ አንድ አንሶላ ብታጥቡም ሺህ ብታጥቡም ያው ነው። ደመወዝ አለ። የማሽን ዕዳ አለ። ይሄ ሁሉ ጉድጓዱ ነው። ከዚያ አንሶላ ታጥባላችሁ። ከዋጋው ላይ የሳሙናውን፣ የውሃውን፣ የመብራቱን ታነሳላችሁ፤ የተረፈችውን ጭብጥ አፈር ጉድጓዱ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ሌላ አንሶላ፣ ሌላ ጭብጥ። ጉድጓዱ ሞልቶ ከመሬት እኩል ሲሆን ኪሳራም የለም፣ ትርፍም የለም። ነጋዴ «ወጪው ተሸፈነ» ይላል። ይህ ሰውዬ ግን በወጣትነቱ ግንበኛ ስለነበር «ውሃ ልክ ደረስን» ይል ነበር፤ ግንበኛ ግንቡ ማዘንበሉን በሚያይበት መሣሪያ ስም። ሠራተኞቹም ስሙን ትተው ውሃ ልክ ብለው ጠሩት።

ውሃ ልክ አንዴ ከስሮ ያውቃል። ዓይኑ እያየ ዕቃውን ጭነው ወስደውበታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚኖር ሰው ሆነ። ጠዋት ሠራተኞቹ እንደገቡ የጓሮውን በር ይቆልፋል፤ ቁልፉ በገመድ አንገቱ ላይ ነው። በሱቁ በኩል ያለው በር ለደንበኛና ለቤተሰብ እንጂ ለሠራተኛ አይደለም። ከጓሮው በር ጎን አንድ ጣውላ ተሰቅሏል፤ በአንድ ወገኑ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ። የተተኮሰው አንሶላ ዐሥር እርከን ባለው መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ዐሥረኛው እርከን ሲሞላ የቀኑ ጉድጓድ ሞላ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውየው በገዛ እጁ ጣውላውን ወደ ሰማያዊ ይገለብጣል፤ ቁልፉን ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ በገመድ እንደታሰረ ፍየል ጎንበስ ብሎ በሩን ይከፍታል። ከዚያ በፊት ማንም አይወጣም፣ እሱም ጭምር። ጣውላውን ደግሞ ከሱ ሌላ የነካው ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር። ፈሪ ሰው ግን ብቻውን አይፈራም፤ ሌላውንም ይዞ ነው።

ወይዘሮ ለምን መጀመሪያ ወደ መኪናው ሄደች። ተኳሿ የኋላ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። መዳፏ በካውያ እጀታ ደድሯል።

«ገደልሽው?» አለቻት፣ የቲማቲም ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ቀለል አድርጋ።

«እትዬ፣ እኔ የምተኩሰው አንሶላ ነው።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠችና አጠገቧ ተቀመጠች። «ቤት ማን አለሽ?»

«እናቴ። ግማሽ ጎኗ አይታዘዛትም። ካላገላበጥኳት ትቆስላለች። ዛሬን ጎረቤት ያይልኝ ይሆናል። ነገን ማን ያይልኛል?»

«እሺ። ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። እዚያ ውስጥ ሳይጮህ የሚሰማ ሰው አለ እንዴ? ማሽኑ እኮ አንጎል ያዞራል። ትናንት ደመወዝ ጨምርልኝ ብዬው ነበር። ‹ጉድጓዱ ይጠልቅብኛል፤ እስቲ የቤቱን ባለቤት ኪራይ ቀንሺልኝ ብዬ ልለምን› አለኝ። ዛሬ በማለዳ ሄዶ መጣ። ፊቱ ግራ ያጋባል፤ የተደሰተም የተናደደም ይመስላል። ‹ጨምሬልሻለሁ› አለኝ። ‹ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በሩ በስምንተኛው እርከን ይከፈታል፤ ለሌሎቹ እንዳትነግሪ፣ ስከፍት እኔው አበስራቸዋለሁ› አለኝ። ሕፃን ነበር የሚመስለው፣ እትዬ።»

«ይህን ለሳጅኑ ነገርሽው?»

«‹ተጨቃጭቃችኋል ወይስ አልተጨቃጨቃችሁም፣ በአንድ ቃል መልሺ› አለኝ። ‹አልተጨቃጨቅንም› ብዬ በአንድ ቃል መለስኩለት።»

«ስምንተኛው ሲሞላስ?»

«ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። ጣውላው ቀይ ነው። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ሐሳቡን ቀይሯል ብዬ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ዐሥረኛው ሲሞላ ሰማያዊ ሆነ፣ እነሱም ወጡ። እኔ ግን ልቤ አልረጋልኝም። ‹ስምንት ብለኸኝ ለምን ዐሥር› ልለው ፈለግኩት። የትም የለም። ማድረቂያውን ገፋ ሳደርገው…»

ወይዘሮ ለምን ትከሻዋን ነካ አድርጋ ወረደች።

ከጓሮው በር ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ቁልፉ ከነገመዱ በበሩ ላይ ተሰክቶ ይንጠለጠላል። ገመዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቋጠሮው አልተፈታም፣ አልተቆረጠም።

ከተኳሿ ሌላ ያለው ሠራተኛ አጣቢው ብቻ ነው፤ ማሽኖቹ አጠገብ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ጆሮው በማሽን ጩኸት ስለደከመ ሲያወራ ስለሚጮህ «ነጎድጓድ» ይሉታል።

«ሲጨቃጨቁ ሰማህ?» አለችው።

«ምን?»

«ሲጨቃጨቁ ሰማህ ወይ?»

«ለምን ትጮሂያለሽ እትዬ፣ እሰማለሁ እኮ» አለ እየጮኸ። «አልሰማሁም፤ አይቻለሁ። ከማሽን ጋር ለሚውል ሰው መስማት ቅንጦት ነው።»

«ምን አየህ?»

«እጁን ፊቷ ላይ ሲያወናጭፍ።»

«እንዴት አድርጎ? እስቲ አሳየኝ።»

ነጎድጓድ ተነሳ። ሁለት እጆቹን ከፍ አደረገ፣ አውራ ጣቶቹን ወደ መዳፉ አጠፈ፣ የቀሩትን ዘርግቶ በኃይል ነቀነቃቸው። ወይዘሮ ለምን ጣቶቹን በዓይኗ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

«እሷስ?»

«አፏን በመሐረብ ይዛ ቆማለች። ታልቅስ ትሳቅ ከኋላ አይታይም። ከዚያ ወዲህማ ቀልብ የላትም። ሁለት እርከን ባዶ እያለ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ተገተረች። ‹በሩ በምኞት የሚከፈት መሰለሽ?› ብዬ ስቄባታለሁ።»

ሳጅኑ ጣልቃ ገባ። «ሰማሽ አለቃ? ልትሸሽ ነበር።»

«በተቆለፈ በር?» አለችና ወደ አጣቢው ተመለሰች። «ጣውላው ሲገለበጥ አይተሃል?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። የጌታዬ ወንድም ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹ሰማያዊ ሆኗል፣ ምን ትጠብቃለህ?› አለኝ። ዞር ስል እውነትም ሰማያዊ። በሩም ገርበብ ብሏል። አብረን ወጣን፤ ኋላ ‹ሰው ሞተ› ብለው ከመንገድ መለሱን።»

«ጌታህ የት እንዳለ አልጠየቅክም?»

«እትዬ፣ እስረኛ በር ሲከፈትለት የከፋቹን ስም ይጠይቃል?»

ቀልድ መሆኑ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም።

ሚስቲቱ ሱቁ ውስጥ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ፣ ማንም የማያነሳውን የታጠፈ ልብስ ደግማ ታጥፋለች። ዓይኗ ደርቋል። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ እጁ ነው የሚያለቅሰው።

«እህቴ፣ ዛሬ ወደ ውስጥ ገብተሽ ነበር?»

«ኧረ እኔ መች እገባለሁ። ደንበኛ ጥዬ? ኋላማ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት አንሶላ የምናጥብለት ሆቴል ሾፌር መጥቶ እሱን ሳስጭን ነበርኩ።»

«ባልሽ ቁልፉን ከአንገቱ የሚያወልቀው መቼ ነው?»

«ሲታጠብም አያወልቀውም። አልጋ ላይ እንኳን እየወጋኝ ነው የኖርኩት» አለች።

«ወንድሙስ?» አለች መርማሪዋ።

«ዋርሳዬ? እሱ ባይኖር ምን እንሆን ነበር። የውጭውን ጉዳይ ሁሉ የሚሮጥልን እሱ ነው፤ ኪራይ መክፈሉን፣ ውል ማሳደሱን። ባሌ እስከ ዛሬ ለጉዳይ ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔም የቤቱን ባለቤት በመልክ አላውቃት። ዛሬ ጠዋት መጣ፣ ባሌ ‹ና፣ ጸጥ ያለ ቦታ እናውራ› ብሎ ይዞት ገባ። ከዚያ ተመልሶ እዚህ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ሥራው የት ደረሰ ብሎ ገባ ወጣ አለ። ለራሱም እኮ አልተመቸውም፣ ምስኪን። ሚኒባስ በብድር ገዝቶ፣ አንድ ቀን እንኳን ወጪዋን ችላ አታውቅም። ጎማ ትበላለች፣ ሾፌር ትበላለች። ግን ጎበዝ ነው፤ ዕዳውን አንድ ወር አላሳለፈም።»

«ወጪዋን ካልቻለች ዕዳዋን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?»

ሚስቲቱ እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። «እኔንጃ። አልጠየቅኩትም።»

ወንድምየው ግቢው ጥግ ቆሞ ነበር። መልከ መልካም፣ ልስልስ ያለ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው።

«ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጠዋት ስለ ሥራ ስናወራ። ከዚያ ወደ ማሽኖቹ ሄደ። ግን እስከ መውጫ ሰዓት ደህና ነበር፤ ጣውላው ሰማያዊ ሆኗላ። ከሱ ሌላ ማንም አይነካውም፤ የፈለግሽውን ጠይቂ። እኔም ከአጣቢው ጋር ወጣሁ። ወደ ኋላ የቀረችው እሷ ናት።»

«ስንት እርከን ሞልቶ ነበር?»

«ዐሥሩም ነዋ።» አለና በእንባው መሃል ፈገግ አለ። «እዚህ ቤት ያደገ ሰው ይህን ይጠይቃል?»

«እኔ እዚህ ቤት አላደግኩም» አለች ወይዘሮ ለምን። ከዚያ ሳጅኑን ጠራችው። «እዚህ ቅርብ አንዲት ሰው ጠይቄ እመጣለሁ። ተኳሿን እንዳትወስዳት።»

«አለቃ፣ ፀሐይዋ እኮ…»

«ፀሐይዋ ትጠልቅ። አንተ ቁም።»

ስትመለስ አብራት ጃንጥላ የያዘች አሮጊት ነበረች። ሁሉም ካውያ ቤቱ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ማሽኖቹ ጠፍተዋል፤ ዝምታው ለሁሉም እንግዳ ሆነባቸው። ተኳሿ በሳጅኑ ጎን፣ ነጎድጓድ ከማሽኑ ተደግፎ፣ ሚስቲቱ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ፣ ወንድምየው ከጓሮው በር ዘንድ። አሮጊቷን ወይዘሮ ለምን ወንበር አስመጥታ አስቀመጠቻት። ወንድምየው አሮጊቷን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሳጅን» አለች መርማሪዋ፣ «አንተ ነገሩን ሁሉ የተከልከው በጣውላው ላይ ነው። ጣውላው ሰማያዊ ስለሆነ ሟቹ በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረችው አንዲት ሴት ናት፤ ስለዚህ እሷ ናት። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«እሱ ራሱ ገልብጦት ከሆነ ነው ይሄ የሚሠራው። በሩን የከፈተው ሰው ቁልፉን ከነገመዱ በሩ ላይ ጥሎት ሄዷል። ቋጠሮው አልተፈታም። ገመዱ በጭንቅላቱ በኩል የወለቀ ነው። አልጋ ላይ እንኳን የማያወልቀውን ቁልፍ ዛሬ ለምን ያወልቃል? ሌላ ሰው ነው ያወለቀለት። በማይቃወምበት ሰዓት።»

ሚስቲቱ እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች።

«ታዲያ እሷ አወለቀችው» አለ ሳጅኑ።

«ቆይ። ዛሬ ጠዋት ሟቹ ለተኳሿ አንድ ነገር ነገራት። ከዛሬ ጀምሮ በሩ በስምንተኛው እርከን ይከፈታል አላት።»

«እሷ ናት እንዲህ የምትለው» አለ ወንድምየው፣ ከግድግዳው ሳይዞር።

«እሷም ትላለች፣ ነጎድጓድም ይላል። እስቲ ጣቶችህን አሳያቸው።»

አጣቢው እጆቹን አነሳ፣ አውራ ጣቶቹን አጠፈ። ሁሉም ቆጠሩ። እሱ ራሱም ቆጠረ፤ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ስምንት» አለች ወይዘሮ ለምን። «ጭቅጭቅ ያላችሁት ይሄ ነው። በማሽን ጩኸት መሃል ለሴትዮዋ በጣት እየነገራት ነበር። አምናውም ሄደች። ስምንተኛው ሲሞላ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ቆመች። እሷ ቆልፋበት ቢሆን ኖሮ ለምን ትጠብቀዋለች? እንደማይመጣ ታውቃለቻ። እሱ ግን አልመጣም። እንደ ሕፃን ለማብሰር የቸኮለ ሰው በሰዓቱ ያልመጣው መምጣት ስላልቻለ ነው። በስምንተኛው እርከን ሰውየው ያ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።»

ወደ መደርደሪያው ሄዳ ዐሥረኛውን እርከን በጣቷ ነካች።

«ከዚያ ዐሥረኛው ሞላ፣ ጣውላውም ተገለበጠ። እዚህ ላይ ነው ገዳዩ የተሳሳተው። ይህ ቤት ውስጥ ለኖረ ሰው ዐሥር እንደ ፀሐይ መውጣት ነው፤ አይለወጥም። ጉድጓዱ የሚሞላበት ውሃ ልክ ግን ግንብ አይደለም። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ከፍ ይላል፣ የጉድጓዱ ጥልቀት ሲቀንስ ዝቅ ይላል። ዛሬ ዝቅ ብሏል። ይህን ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹና ተኳሿ። ጣውላውን በዐሥር የገለበጠው ሰው አላወቀም። ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

ሳጅኑ ሳይታወቀው ከተኳሿ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

«አጣቢውም አይደለም። እሱ ማሽኑን ትቶ ቢሄድ እሷ የምትተኩሰው ታጣ ነበር፤ አንሶላው ግን ሳይቋረጥ ሲመጣላት ውሏል። ሚስቲቱም አይደለችም፤ በሩ ሲከፈት ሱቅ በር ላይ ሾፌር ስታስጭን ነበር። ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ። ውሃ ልኩ ለምን ዝቅ አለ? ያውም ደመወዝ ተጨምሮ?» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ዛሬ በማለዳ ማን መጣብዎት?»

«እሱ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና» አለች አከራይዋ። «ኪራይ ቀንሺልኝ አለኝ። ስንት እየከፈልክ ነው ብዬ ስጠይቀው የነገረኝ ገንዘብ አስደነገጠኝ። ‹ልጄ፣ እኔ የምቀበለው የዚያን ግማሽ ነው፤ ጭማሪም ጠይቄ አላውቅ› አልኩት። ደረጃዬ ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ሰጠሁት። ‹ግማሽ?› ‹ግማሽ?› ይላል ደጋግሞ። ኋላ ሳቀም አለቀሰም።»

«ኪራዩን የሚያመጣልዎት ማን ነው?»

አሮጊቷ በጃንጥላዋ ጫፍ አመለከተች። ሚስቲቱ ግን ጃንጥላውን አላየችም፤ ዋርሳዋን ነበር የምታየው። «አንተ?» አለች። በጣም በቀስታ ነው ያለችው።

ወንድምየው ዞረ። ለመካድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሷን ፊት ሲያይ ዘጋው።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ሰው ፊት አላዋርድህም ብሎ ነው እዚያ ያስገባኝ። ‹ዛሬውኑ ለሚስቴ ትነግራታለህ› አለኝ። ጮኸብኝ። ወጥቼ በሩን ቀረቀርኩበት። ትንሽ ይረጋ ብዬ፣ እስከዚያ አንድ መላ ላምጣ ብዬ።»

«ምን መላ?»

«ምንም አልነበረኝም። ምን መላ አለኝ? እኔም እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ያቺ ሚኒባስ አንድ ቀን ሞልታልኝ አታውቅም። ለአንድ ወር ብዬ ጀመርኩ፤ ወሩ አልቆም አለኝ። እኔም እንደሱ ውሃ ልኬን ፈልጌ ነው።»

«የራስህን ጉድጓድ ከሱ ጉድጓድ እየዛቅክ ሞላህ» አለች ወይዘሮ ለምን። «እሱም ሳያውቅ ያንተን ሊሞላ ሰዉን ሁሉ ቆለፈበት።» ወደ እሱ ጠጋ አለች፦ «ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ገብተሃል። ሁለተኛው ጊዜ መቀርቀሪያውን የከፈትክበት ነው፤ ሞቶ አገኘኸው፣ ቁልፉን ወሰድክ። በመጀመሪያው ጊዜስ? ሲደበድብ ሰምተኸው ነበር?»

ሰውየው ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ድብደባው አሁንም የሚሰማው ይመስል። ሳጅኑ ሄዶ እጆቹን ከጆሮው ላይ ቀስ አድርጎ አወረደና አሰራቸው።

ነጎድጓድ መደርደሪያውን አፍጥጦ ያይ ነበር። «ዘጠነኛውና ዐሥረኛው» አለ። በዚያ ቤት እንዲያ በቀስታ ሲናገር የተሰማበት የመጀመሪያው ቀን ነው። «ያን ሁሉ ዓመት፣ በየቀኑ፣ እነዚያ ሁለቱ እርከኖች የሱ ነበሩ ማለት ነው? ልጄን ሳትተኛ ያየሁበት ቀን እኮ ጥቂት ነው።»

ተኳሿ ተፈትታ ግን አልሄደችም። «እትዬ፣ ደመወዝ ጨምርልኝ ባልለው ኖሮ አይሄድም ነበር። አይሞትም ነበር።»

«ተይ፣ ልጄ» አለቻት ወይዘሮ ለምን። «የሚገባሽን መጠየቅ ሰው አይገድልም። የገደለው የሰረቀውን የደበቀ ነው። አሁን ሂጂ፤ እናትሽ ጎኗ ደክሟታል። ሳጅኑ በመኪናው ያደርስሻል። በኋላ ወንበር ሳይሆን በፊት ወንበር።»

ሳጅኑ አንገቱን አቀርቅሮ የፊቱን በር ከፈተላት።

ነገሩ እዚህ ያልቃል፣ ልጆቼ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ ለምን ያን ቀን ሁሉንም ነገር አልተናገረችም። ተኳሿ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ጋ ስትጠብቅ፣ ያ ሰውዬ ምናልባት ገና በሕይወት ነበር፤ በወፍራሙ በር ኋላ፣ ማሽኑ እያጓራበት። ወሬውን ለእሷ ብቻ ሳይሆን በጠዋቱ ለሁሉም ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ፣ ስምንተኛው እርከን ሲሞላ ሁሉም «ጌታችን የት ሄደ» ብለው ይነሱ ነበር። ነጎድጓድ ማሽኑን ያጠፋ ነበር። ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ያ ቤት ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ሰምታችኋል። መርማሪዋ ይህን ለተኳሿ አልነገረቻትም፤ ሴትዮዋ የምታገላብጠው ሰው ይበቃታል።

እኔም ለናንተ የነገርኳችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ታሠሩ ይሆናል፣ ቤት ታስተዳድሩ ይሆናል። አብሯችሁ ለሚደክም ሰው የምታካፍሉት ደግ ወሬ በእጃችሁ ሲገባ፣ ለማሳመር ብላችሁ አታቆዩት። ያን ሰውዬ አስታውሱልኝና በጠዋቱ ንገሩት። እሺ? አደራ።